እንዶድን በስሟ

በርበሬ በረንዳ ጥግ ላይ እንዶድ የምትሸጠው ሠርኬ ድሮም መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። በርጩማዋ አለ፣ እሷ የለችም። ጆንያዎቿን አፋቸውን ከፍታ ትደረድርና፣ ሲፈልጓት ወይ ከጎረቤቷ ከጠሀ ወፍጮ ቤት በር ላይ ወሬ ስትለቅም፣ ወይ መሀል መንገድ ላይ ከተሸካሚ ጋር ስትነታረክ ትገኛለች። ያን ሰሞን ግን መቁነጥነጧ ምክንያት ነበረው። ገበያዋ እየሞተ ነው። በካርቶን የታሸገ የፈረንጅ ዱቄት ሳሙና በየሱቁ ገብቷል፤ ባልዲ ውሃ ላይ ነስነስ ሲያደርጉት አረፋ ብቻ ይሆናል፤ መውቀጥ የለ፣ ማስነጠስ የለ። ነጠላቸው በእንዶድ ካልታጠበ ጥምቀትን ያከበሩ የማይመስላቸው ባልቴቶች ባይኖሩ ኖሮ፣ ሠርኬ ጆንያዋን አጣጥፋ መንዝ በተመለሰች ነበር። መንዝ ደግሞ የሚጠብቃት ሰው የለም።

እንዲህ ሆድ ሲብሳት ነው አቶ ኪዳነ ማርያም የሚባል ሰው በላንድሮቨር የመጣው። ገና ጎልማሳ ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ዕፅዋት ከሚጠናበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ምን ቢማር ሰው ማክበር አልረሳም። ከጆንያዋ አንድ እፍኝ የደረቀ እንዶድ ዘግኖ መዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ "እትዬ፣ ይቺ ፍሬ የወንዝ ቀንድ አውጣ እንደምትገድል ያውቃሉ?" አላት። በቆላ አገር ልጆች ወንዝ ገብተው በዋኙ ደም የሚያሸና በሽታ እንደሚይዛቸው፣ በሽታው ያለ ቀንድ አውጣ እንደማይዛመት፣ የእንዶድ ዱቄት ውሃው ላይ ሲነሰነስ ደግሞ ቀንድ አውጣው እንደሚያልቅ አጫወታት። ሠርኬ አፏን ከፍታ ሰማችው። ዕድሜ ልኳን የሰው እድፍ ማስለቀቂያ ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ የያዝሽው የሕዝብ ጤና መድኃኒት ነው ስትባል ምን ትበል?

"ስሟንስ ያውቁታል?" አላት።

"የማንን?"

"የእንዶድን ነዋ።"

ሠርኬ ሳቋ መጣ። "ጌታዬ፣ አሁን እርስዎው ጠሯት እኮ።"

እሱም ሳቀ። እንዶድ የቤት ስሟ ነው አላት። በኦሮምኛ አንዶዴ ትባላለች፣ በትግርኛ ሽብቲ፤ ቁጥቋጦዋ በበቀለበት አገር ሁሉ ሰው በእናቱ ቋንቋ ይጠራታል። የሳይንስ ስሟ ግን አንድ ነው። ሮም ቢሄዱ፣ ለንደን ቢሄዱ አይለወጥም። ሊቃውንት ሌላ ተክል መስሏቸው እንዳይሳሳቱ ተብሎ የወጣ ስም ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዳዊት አስተማሪ፣ "ፊቶላካ ዶዴካንድራ" አላት። ዶዴካንድራ ምንድን ነው ብላ ስትይዘው ትንሽ አፈረና፣ በአበባዋ ውስጥ ያሉትን ወንዴዎች ቆጥረው አሥራ ሁለት ወንድ ማለታቸው ነው አላት።

"በእመቤቴ" አለች ሠርኬ፣ "እኔ አንዱን ማቆየት አቅቶኝ።"

ስሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፏ ላይ ቀረ። ደንበኛ ሲመጣ ፊቶላካ፣ ተሸካሚ ሲያልፍ ፊቶላካ። ጠሀ እንኳ፣ ነገር የማያበዛው ጠሀ፣ "ሠርኬ፣ ይህ ስም ያጠባል ወይስ ያወራል?" ብሎ ተሳለቀባት። እሷ ምን ግዷት። ስሙን በጠራች ቁጥር የፈረንጁ ሳሙና ከፊቷ ትንሽ ፈቀቅ የሚል ይመስላታል።

ኪዳነ ማርያም የጠየቃት ቀላል ነበር። ዓርብ በቀትር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ አንድ ኩንታል እንዶድ ልሞ፣ ዱቄት ሆኖ ይፈልጋል። ሥራው ከተሳካ ወደፊትም ከእሷ እንጂ ከሌላ አይወስድም። ሠርኬ ሳታስብበት እሺ አለች። ማሰብ የጀመረችው ላንድሮቨሩ ከሄደ በኋላ ነው። እንዶድ እኮ በሙቀጫ ነው የሚወቀጠው፤ አንድ ጣሳ ለመውቀጥ አንዲት ሴት አፍንጫዋን በነጠላ አስራ፣ እያስነጠሰች፣ ዓይኗ እየፈሰሰ ነው። አንድ ኩንታል ማን ይችለዋል? ሦስት ሴቶች ቀጥራ እስከ ሐሙስ ማታ አስወቀጠች። የወጣው ግን ዱቄት ሳይሆን ክክ ነገር፣ ቡናማ ግርድፍ ነበር። ሴቶቹም በቃን ብለው ሄዱ።

የቀረው ወፍጮ ነው። ወፍጮ ደግሞ የጠሀ ነው። ጠሀ ሦስት ድንጋይ አለው፤ አንዱ ለጤፍ፣ አንዱ ለሽሮ፣ አንዱ ለበርበሬ። ሦስቱን እንደ ሦስት ሚስቶች አስተካክሎ ይይዛቸዋል፤ የአንዷን ለሌላዋ አይሰጥም። ድሮ አንድ ቀን ሠርኬ በቀልድ እንዶድ ፍጭልኝ ስትለው ፊቱ ተለዋውጦ፣ "እንዶድ በኔ ድንጋይ አታልፍም" አላት። ብናኟ ድንጋዩ ጥርስ ውስጥ ትቀራለች፤ ቀጥሎ የሚያስፈጨው ሰው ዱቄት ውስጥ ትገባለች። ሆድ ትገለብጣለች። እርጉዝ ከበላቻት ደግሞ የሚሆነውን ማንም ሴት ያውቀዋል፤ ፅንስ ታስወርዳለች፣ በዛ ካለችም እናቲቱን ይዛ ትሄዳለች። እንዶድ ፈጨ የተባለ ወፍጮ ቤት ከዚያ በኋላ ሩብ ቁና እህል አያይም። ይህን ሁሉ ሠርኬ ከጠሀ የበለጠ ታውቀዋለች። ማወቋ ነው የሚያናድደው።

ዓርብ ቀትር ላይ ጠሀ ነጭ ቆቡን አድርጎ ለጁምዓ ሄደ። ወፍጮ ቤቱን የያዘው ሠራተኛው ደመቀ ነው። ደመቀ በርበሬ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ከመሸበቱ የተነሳ አፍንጫው ከሞተ ቆይቷል፤ ቤት ቢቃጠል በጭሱ አያውቅም፣ በዓይኑ ካላየ። ሠርኬ ጆንያውን በተሸካሚ አስይዛ ገባች።

"ምንድን ነው እትዬ ሠርኬ?"

"ፊቶላካ።"

"ማን?"

"ፊቶላካ ነው የምልህ። የሳይንስ ነው፣ ለሕዝብ ጤና የሚሆን መድኃኒት። መኪናው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ በል ቶሎ በል። በበርበሬው ድንጋይ ይሁንልኝ።"

አንዷ ቃል እንኳ ውሸት አልነበረችም። ልቧ ያልደነገጠውም ለዚህ ነው። በርበሬ ድንጋዩን የመረጠችውም አስባበት ነው፤ እዚያ ቆሞ የማያስነጥስ ሰው ስለሌለ የእንዶድ ማስነጠስ ከበርበሬው አይለይም። ደመቀ ግርድፉን ዘግኖ አየና ምንም አልመሰለውም። አስገባው። ሠርኬ በሩን እየጠበቀች፣ አንዴ ወደ መስጊዱ መንገድ፣ አንዴ ወደ ድንጋዩ እያየች፣ በአንድ እግሯ ቆመች ማለት ይቻላል።

ዱቄቱ ጆንያ ሲሞላ ፉርሽካ አምጥታ ድንጋዩን ማጽዳት እንዳለባት ታውቃለች። ፉርሽካ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያልፍበት ድንጋዩ ጥርሱ ውስጥ ያለውን ይተፋል። ለደመቀ ግን "እስክመለስ ምንም እንዳታስገባበት" ማለት አቃታት። ቢላትስ? መድኃኒት ከሆነ ለምን ይጸዳል ቢላትስ? አንድ ሩጫ ነው፣ ዱቄቱን አስረክቤ ከእህል በረንዳ ፉርሽካ ይዤ እደርሳለሁ፣ አለች በልቧ፤ በዚህ ሰዓት ደግሞ ማንም አያስፈጭም።

ኪዳነ ማርያም ላንድሮቨሩ አጠገብ ሲያገኛት በደስታ እጇን አልለቅ አለ። ዱቄቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ አስነጠሰ፣ ሳቀ። አንዴ ይዩልኝ ብሎ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ የያዛቸውን ቀንድ አውጣዎች አወጣላት። ሠርኬ እግሯ እያሳከካት ቀንድ አውጣ አየች። እያንዳንዷን አየች። በመጨረሻ መኪናው ሲነሳ ሮጠች፤ ከእህል በረንዳ ፉርሽካዋን በነጠላዋ ቋጥራ፣ ሮጣ ተመለሰች።

ድንጋዩ ቆሟል። ደመቀ ከድንጋዩ ሥር ቀይ ዱቄት እየጠረገ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለችው።

"በርበሬ ነዋ። አንዲት እርጉዝ መጥታ አስፈጨች። ወሯ ገብቷል መሰለኝ፣ ሆዷ እዚህ ደርሷል" ብሎ በእጁ አሳያት። "ለአራስ ገንፎዬ ነው ብላ ዛላውን ራሷ ቀንጥሳ አምጥታ። ደግ ሴት ናት።"

ሠርኬ ነጠላዋን ለቀቀችው፤ ፉርሽካው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደመቀ ግን አላለቀለትም። "ያ መድኃኒትዎ ደስ አላት። ጠርጌ ጥግ ላይ ያኖርኩትን አይታ ምንድን ነው አለችኝ፤ ፊቶላካ ነው፣ ለጤና ነው አልኳት። ለወላድ ይሆናል ወይ አለች። ለጤና ከሆነ ለወላድ ምን ይላል አልኳት። አንድ እፍኝ በወረቀት ቋጠርኩላት። ገንፎው ላይ ነስነስ አድርጊው ብያታለሁ።"

ሠርኬ የወፍጮውን በር ያዘች። መጀመሪያ የፈራችው ድንጋዩ ጥርስ ውስጥ የቀረችውን ነበር፤ አሁን እፍኝ ሙሉ ሆነች። አንዲት ሴት ለራሷ ምጥ እንዶድ ቋጥራ ይዛ መርካቶ ውስጥ እየሄደች ነው። የሰጣትም ደመቀ አይደለም፣ እሷ ናት።

"ወዴት ሄደች? ምን ትመስላለች?"

"ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። አማርኛዋ ሰበር ይላል። ገብስ እገዛለሁ ስትል ሰምቻታለሁ። ምነው፣ ምን ሆኑ?"

"ምንም" አለች ሠርኬ፣ ወጥታም ሮጠች።

እህል በረንዳ ስትደርስ ሐምዱ የሚባለው ገብስ ነጋዴ ጆንያው ላይ ተደላድሎ ምሳውን እየበላ ነበር። ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች፣ ሆዷ የገፋ ሴት አላየህም ወይ ብትለው እጁን ከሳህኑ አነሳ። "ምን ወሰደችብሽ?" አላት። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ተሸካሚዎች ቀና ቀና አሉ። መርካቶ ውስጥ ይህች ጥያቄ ወዴት እንደምትሄድ ሠርኬ ታውቃለች፤ አንዱ ሌባ ካለ ያቺን እርጉዝ ዱላ ይቀድማታል። "ኧረ ምንም አልወሰደችም" አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ "ዕቃ ረስታ ነው።" ሐምዱ ደስ ሳይለው፣ ገብስ ገዝታ ወደ ጭድ ተራ ሄዳለች፣ ጋሪ ልትይዝ ይሆናል አላት።

መንገዱን ስትሮጥ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። እንዶድ ይዛለች፣ ያዙልኝ፣ አስጥሏት። ይህን ብትል አንድ ሺህ ዓይን ይፈልግላታል። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ሰማችው፤ እንዶዷን ማን ሰጣት? ከየትኛው ወፍጮ? እስከ ማታ የጠሀ ስም በየበረንዳው ይዞራል። ጠሀ ደግሞ ምንም አላደረጋት። ባሏ ጥሏት የሄደ ዓመት፣ ቀኑ ጨልሞባት ሳለ፣ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ያለችውን ቦታ ያለ ኪራይ ተቀመጪበት ያላት እሱ ነው። ስለዚህ ዋጠችው። ዋጥ አድርጋው ሮጠች።

ጭድ ተራ ጭዱ ተቆልሎ፣ አህያው ተሰልፎ፣ ጋሪዎቹ አፍ ለአፍ ገጥመው መተላለፊያ የለም። እዚያ ጋሪ ላይ ሰማያዊ ሻሽ አየች። ሆዷ የገፋ ሴት። ሠርኬ አሳልፉኝ እንኳ ሳትል መንገድ የዘጋባትን ሰውዬ ገፍትራ፣ ጋሪው ላይ ተንጠልጥላ የሴትዮዋን ቋጠሮ ፈታችው። የሕፃን ልብስ ነበር፤ አዲስ፣ በእጅ የተሰፋ። ሴትዮዋ ልብሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ "ምን አደረግሁሽ? ምን ታያለሽ ከልጄ ልብስ?" ብላ አለቀሰች። ሠርኬ ባለጋሪው አለንጋውን ሲያነሳ ወረደች። ሌላ ባለጋሪ ግን ነገሩን ሰምቶ፣ ሌላዋ ሰማያዊ ሻሽ፣ ትግርኛ ተናጋሪዋ፣ ልትሳፈር ወጥታ ሳለ ቅቤ ረሳሁ ብላ ወረደች፣ ተመልሳ ገበያ ገብታለች አላት።

ቅቤ። ገንፎው ቅቤ ይፈልጋል። ሴትዮዋ ሁሉንም ይዛለች ማለት ነው፤ ገብሱን፣ በርበሬውን፣ እንዶዱን፤ ቅቤው ብቻ ነው የቀራት። ሠርኬ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ቅቤ የሚሸጠው በአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በየጉራንጉሩ፣ በየበረንዳው ሥር፣ በየቅምጫናው ነው። መርካቶ በዓርብ ቀትር አንዲት ሴት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ሴትዮዋ ራሷ እንድትመጣ ካልተደረገ በስተቀር።

ወፍጮ ቤት ስትመለስ ጠሀ ከመስጊድ መጥቷል። አራት ሴቶች የሚያስፈጩትን ይዘው ተሰልፈዋል። ደመቀ ፊቱ አመድ መስሎ ግድግዳውን ተደግፏል፤ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገብቶታል፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ሠርኬ ጠሀን ወደ ጥግ ጎትታ ሁሉንም ነገረችው። ስሙን፣ ግርድፉን፣ ፉርሽካውን፣ ቋጠሮውን። አንድም አላስቀረችም።

ጠሀ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሮጪው?" አላት።

"አንተ ከሄድክ ጀምሮ በለው።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ለማንም አልነገርሽም?"

"ብናገር ወፍጮህ ያበቃለታል ብዬ እኮ ነው ጠሀ።"

"ለኔ ብለሽ ነው?"

ሠርኬ መሬት አየች። "ለራሴም" አለች።

ጠሀ ገባና ማብሪያውን ወደ ታች ሳበው። ሦስቱም ድንጋዮች እያጉረመረሙ ቆሙ። የተሰለፉት ሴቶች ምን ሆነ፣ መብራት ሄደ ወይ ማለት ጀመሩ። ጠሀ ወደ ሠርኬ ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል። "በይ ጩኺ" አላት። "ያን የፈረንጅ ስም ግን ተዪው። ሰው በሚያውቃት ስም ጥሪያት።"

ሠርኬ የራሷ ጆንያዎች ላይ ወጣች። ለወትሮው ድምጿ ከተሸካሚ ጋር ለመጣላት ብቻ ይበቃል ይባላል፤ ያን ቀን ግን በርበሬ በረንዳን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ።

"ስሙኝ። ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች እርጉዝ፣ ከጠሀ ወፍጮ በርበሬ ያስፈጨሽ። በወረቀት የተቋጠረልሽ መድኃኒት አይደለም፤ እንዶድ ነው። በርበሬሽም ውስጥ ገብቷል፤ እንዳትቀምሺው። እንዶዱን በሌላ ስም አስመስዬ ያስገባሁ እኔ ነኝ። ሠርኬ ነኝ። ጠሀ አያውቅም፤ እሱ መስጊድ ነበር።"

በርበሬ የሚሰፍረው ሰው ጣሳውን ይዞ ቀረ። ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ያስፈጨችውን ዱቄት መሬት ላይ ደፋችው፤ ሌላዋ ሠርኬን ከእናቷ ጀምራ ሰደበቻት። ሠርኬን አንድ ነገር ትዝ ብሏት ነበር። አማርኛዋ ሰበር ይላል ብሏት ነበር ደመቀ፣ ባለጋሪውም ትግርኛ ተናጋሪዋ ብሏል። ይህች ሴት እንዶድ የሚለውን ስም ባታውቀውስ? ያ ደጉ ኪዳነ ማርያም መጀመሪያ የነገራት፣ እሷ ግን ለረጅሙ ስም ብላ የረሳችው መጣላት።

"ሽብቲ" ብላ ጮኸች። "ሽብቲ ናት። አንዶዴ ናት። እንዶድ ናት።"

መንገዱ ማዶ ጨው የሚሸጠው ሰው የአገሩን ስም ሲሰማ ዕቃውን ጥሎ ተነሳ። "ሽብቲ" ብሎ ጩኸቷን ተቀብሎ ወደ ታችኛው ተራ አስተላለፈ። ከወሊሶ የመጣ አንድ ተሸካሚ "አንዶዴ" እያለ በጆንያ ተራ ገባ። ሦስቱ ስሞች ከበረንዳ በረንዳ እየተቀባበሉ ሄዱ፤ ከሠርኬ ጆሮ ራቁ፣ እንደገና ከሌላ አቅጣጫ ተሰሙ። እሷ ጆንያው ላይ እንደቆመች ነው። መውረድ አልቻለችም።

ብዙ ቆይቶ ሰዉ ገለል ገለል አለ። ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው ቋጠሮዋን ይዛ ቀስ እያለች መጣች። ገና ልጅ ናት። ፊቷ ላይ ላብ አለ።

"ሽብቲ ያለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሠርኬ፣ ወርዳ። "ቀመስሽው እንዴ?"

"ቅቤ ላይ አድርጌ ምላሴን አስነካሁት። መረረኝ። መድኃኒት ስለሆነ ነው ብዬ ልደግመው ስል ሽብቲ ሲሉ ሰማሁ።" ወረቀቱን ዘረጋችላት። "ሰውየው ሽብቲ ቢለኝ መች እነካው ነበር? እናቴ በሽብቲ ስታጥብ አይደል ያደግሁት? ያላችሁት ስም እኔ የማላውቀው ስለሆነ አዋቂ ያወጣው መስሎኝ ነው።"

ሠርኬ ወረቀቱን ተቀበለች። ጠሀ የሴትዮዋን በርበሬ ወስዶ ጉድጓድ ደፋው። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው፣ የፈሰሰውን ፉርሽካ በእጁ አፍሶ፣ ሌላም አስጨምሮ፣ ድንጋዩን ደጋግሞ አሳጠበው። ለቤቱ ካስቀመጠው ምርጥ ዛላ አውጥቶ፣ የመጀመሪያውን ፈጭቶ ጣለ፣ ሁለተኛውን ፈጭቶ ቋጠረላት። ሴትዮዋ ለተብርሃን እባላለሁ አለች። ባሏ ከጨው መኪና ላይ ይሠራል፤ ቤታቸው ከጭድ ተራ ጀርባ ነው። በርበሬውን ያዘች፣ አላመሰገነችም፣ አልተሳደበችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠሀ በር ክፍት ነው፣ ድንጋዩ ግን ዝም። በርበሬ የያዘች ሴት ሁሉ ወፍጮ ቤቱ ፊት ስትደርስ እርምጃዋን ትጨምራለች። ጠሀ ጠዋት ጠዋት ለሠርኬ ሰላምታ ይሰጣታል፤ ከዚያ በላይ ቃል አይወጣውም። ደመቀ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። ተሸካሚዎቹ ለሠርኬ ስም አወጡላት። "ፊቶላካ፣ ዞር በይ" ይሏታል፤ እሷም ዞር ትላለች። ኪዳነ ማርያም ተመልሶ ቢመጣ ምን እንደምትለው አታውቅም። ጆንያዎቿን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትነሳለች፤ ሆዷ የገፋ ሴት ባለፈች ቁጥር ልቧ ተከትሏት ይሄዳል። ወለደች? ታመመች? ለመጠየቅ ፈራች።

አንድ ጠዋት የጨው ሻጩ መንገድ ተሻግሮ መጣ። "ለተብርሃን በሰላም ተገላገለች" አላት። "ሽብቲ ሻጯን ጥሩልኝ ብላለች።"

ሠርኬ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ በሴት ተሞልቷል። አንዳንዶቹን ለየቻቸው፤ ያን ቀን ተሰልፈው የነበሩት ናቸው፣ አንዷም ከእናቷ ጀምራ የሰደበቻት ነች። መሀል ላይ ትልቅ ገንፎ ተቀምጧል፤ እምብርቱ ላይ ቅቤው ከበርበሬ ጋር ቀልቶ ቆሟል። ትኩስ ነበር፣ አሁን ግን ጠርዙ ቆዳ እያወጣ ነው። ማንም አልነካውም።

ለተብርሃን ሕፃኑን ታቅፋ ከመደብ ላይ ቀና አለች። "በርበሬው ያን ቀን የሰጣችሁኝ ነው" አለች። "ሌላ አልገዛሁም። እነሱ ግን እምቢ አሉኝ። እርስዎ ይቅመሱ።"

ሠርኬ እጇን ታጥባ ገንፎው ፊት ቁጭ አለች። ከጠርዙ አልቆረሰችም። ከመሀል፣ ቅቤና በርበሬው ከቆመበት ቆረሰች፤ ጠልቃ፣ ጣቶቿ እስኪቀሉ። በላች። ሴቶቹ አፏን አይደለም፣ ጉሮሮዋን ነው የሚያዩት። ደግማ በላች። ቃጠሎው ንጹሕ የበርበሬ ነው፤ የምትፈልገውን ምሬት ምላሷ ላይ አላገኘችም። ቢሆንም ራሷን አላመነችም፤ ሆዷን አዳመጠች።

"ትንሽ እንቆይ" አለች ከጥግ አንዲት አሮጊት።

ቆዩ። ሠርኬ፣ ያቺ መቀመጥ የማይሆንላት፣ እግሯን አጥፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መነሳት አላማራትም። ሕፃኑ ነቃ፣ ትንሽ ተነጫነጨ፣ ጡት ይዞ ዝም አለ። ገንፎው ቀዘቀዘ። የሰደበቻት ሴት አንዴ የሠርኬን ፊት፣ አንዴ ሆዷን እያየች ቆይታ በመጨረሻ ትንፋሿን ለቀቀች።

ለተብርሃን ሕፃኑን ለአሮጊቷ ሰጥታ ወደ ገንፎው ቀረበች። ትቆርሳለች ብለው ሲጠብቁ እጇን ሰበሰበች።

"እንግዲህ ያጉርሱኝ" አለች።

ሠርኬ ከመሀሉ ቆረሰች፣ ቅቤው እንዳይንጠባጠብ በግራ እጇ ከሥር ተቀበለች፣ ለተብርሃንም አፏን ከፍታ ጠበቀቻት። አጎረሰቻት። ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል አላምጣ ዋጠች። ከዚያ ሌሎቹ ወደ ገበታው ተጠጉ።